ሃያ አራት አልጋ

የሲን ፒያሳ ውስጥ ካለ አንድ ወርቅ ቤት ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ ቀለበት ሲሸጥ አሥር ዓመት አልፎታል። የሙሽራዋን ጣት በዓይኑ ብቻ አይቶ ልኩን ይናገራል፤ የሁለቱ ወገን ዘመዶች ሱቅ ውስጥ ቢጋጩ በሁለት ቀልድ አስታርቆ፣ አስከፍሎ፣ እስከ በር ሸኝቶ ይመለሳል። ይህን አስቀድመን የምንነግራችሁ ልጁ ሞኝ እንዳልሆነ እንዲመዘገብለት ነው። ኋላ ላይ ትጠራጠራላችሁ።

ነገሩ የጀመረው በእናቱ ጉልበት ነው። ሰፈራቸው ለልማት ተነሥቶ እትዬ ሸፊቃና የሲን አራብሳ ኮንዶሚኒየም ከገቡ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆኗቸዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ እትዬ ሸፊቃ ከአራተኛ ፎቅ የወረዱት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቴ ለሐኪም፣ አንዴ ለመታወቂያ። "ጉልበቴ" ይላሉ። ሐኪሙ ጉልበቱን አጥፎ ዘርግቶ፣ ራጅ አንሥቶ፣ "ከእኔ ይሻላል" ብሎ መልሷቸዋል።

የሲን ግን በሽታውን ያውቀዋል። ፒያሳ እያሉ ግቢያቸው "ዘጠኝ ቤት" ይባል ነበር፤ ዘጠኝ አባወራ፣ አንድ የውሃ ቧንቧ፣ አንድ የማይዘጋ በር። ይኸው የታመመ ጉልበት ያኔ ከአይናዲስ ቤት ዘውዲ ቤት፣ ከዘውዲ ቤት ቧንቧው ጋ፣ በቀን ሃያ ጊዜ ይመላለስ ነበር። አሁን ዘጠኙ ቤት ተበትኗል። አንዱ ገላን ጉራ፣ አንዱ ጀሞ፣ አንዱ አያት፤ አይናዲስ ብቻ አፍንጮ በር ልጇ ቤት ተጠግታ ቀርታለች። እናቱ ወርደው ማንን ያገኛሉ? ጠዋት ሲወጣ መስኮቱ ጋ ተቀምጠው ይተዋቸዋል፤ ማታ ሲመለስም እዚያው ያገኛቸዋል። ሰሞኑን ደግሞ ወሬ እየቀነሱ መጡ። "እንዴት ዋልሽ እማ?" ሲላቸው "አልሐምዱሊላህ" ይላሉ፤ በቃ። እትዬ ሸፊቃ! አንድ ሰላምታ ከቧንቧው ጋ ጀምረው ሽንኩርቱ ሲያርር የሚጨርሱት ሴትዮ!

አንድ ማታ ግን፣ ለየሲን ሳይሆን ለመስኮቱ፣ "ዘጠኝ ቤት እንደ ድሮው አንድ ጣራ ሥር ቢያድር… አንድ ሌሊት እንኳ ቢሆን… ወርጄ እሄድ ነበር" አሉ።

የሲን ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ከስንት ወር በኋላ "ወርጄ" የሚል ቃል ከአፋቸው መውጣቱ ነው።

በነጋታው ደንበኛ እስኪመጣ ስልኩን ሲጎረጉር ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ያለ አንድ የመዝናኛ ቦታ አገኘ። "ለማኅበርና ለትልቅ ቤተሰብ የሚሆን ቤት፤ ስድስት መኝታ ክፍል፣ ሃያ አራት አልጋ፣ አንድ ሰፊ ሳሎን" ይላል። በፎቶው ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ ረጅም የሣር ጣራ ይታያል። አንድ ጣራ። ፎቶውን በጣቱ እየለጠጠ ጣራውን ሦስት ጊዜ አየው።

ቀን መምረጡ ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። ከዘጠኙ ቤት አምስቱ ክርስቲያን፣ አራቱ ሙስሊም ነው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ ዓርብ ደግሞ ጁምዓ አለ። የካቲት ላይ ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተቃቅፈው ይገባሉ። ጥር ማለት ሠርግ ማለት ነው። የሲን እንደ ደብተራ ቀን ሲያሰላ ሰንብቶ አንዲት ቅዳሜና እሑድ አገኘ፤ ጥር ሃያ ሦስትና ሃያ አራት። በማግሥቱ ሰኞ ነነዌ ይገባል። ከዓመቱ ውስጥ ዘጠኝ ቤት በአንድ ማዕድ ሊቀርብ የሚችለው በዚያች ቀዳዳ ብቻ መሰለው።

ደወለ። ቦታ የምትይዘው ልጅ ኤደን ትባላለች፤ ድምጿ እንደ ማር ነው፤ ደንቧ እንደ ብረት።

"ስንት እንግዳ ነው አቶ የሲን?"

"ቤተሰብ ነን።"

"ቤተሰቡ ስንት ነው?"

"እሱን… ጠይቄ ልንገርሽ።"

"ቁጥሩን ያረጋግጡልኝ እሺ? ምሳው በሰው ልክ ነው የሚሠራው። ሥጋ ነው ዓሣ?"

"ዓሣ ይሁን" አለ የሲን ሳያመነታ። በዘጠኝ ቤት ታሪክ ማን አረደው ተብሎ የማይጠየቅ ብቸኛ ሥጋ ዓሣ ነው።

"ደግሞ ቅድሚያ ክፍያው ከገባ በኋላ አይመለስም፤ ይቅርታ።"

ለትዳር ብሎ ካስቀመጣት ገንዘብ ላይ ቆርጦ ከፈለ። ሚስት የለችም፤ እናት አለች።

ከዚያ መቁጠር ጀመረ። እዚህ ላይ የዘጠኝ ቤትን ሰው ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። "ትመጣላችሁ?" ሲባል "አይ" ብሎ የሚመልስ ከዚያ ግቢ አልተወለደም። ጡረታ የወጡት ጋሽ አባይነህ፣ የግቢው ሊቀመንበር፣ ግቢው ፈርሶም ሥልጣናቸውን ያልለቀቁ ሰው ናቸው፤ "እንዴታ! እኔ ሳልኖር ማን ይመራዋል?" አሉና የሚስታቸውን ወንድም ጨመሩበት። "ቦታ አይዝም፤ ቀጭን ነው።" ዘውዲ ከነልጆቿ ሰባት ነን አለች፤ ወዲያው መልሳ ደውላ ስምንት ነን አለች። አይናዲስ "ለእኔ አልጋ እንዳትይዝ የሲንዬ፤ አንዱ ጥግ ጣል ብታደርገኝ ይበቃኛል" ብላ ከእህቷ ልጅ ጋር ሁለት ሆነች። ሲደመር እሱን ጨምሮ ሃያ ዘጠኝ ሰው ወጣ።

አልጋው ሃያ አራት ነው።

የሲን አልደነገጠም። ኤደንን "አምስት ፍራሽ ብትጨምሪልን?" አላት። "አለቃዬን ጠይቄ ሐሙስ ልደውልልዎት" አለችው። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያርፍ ኖሮ ይህ ታሪክ ባልተጻፈ።

ማክሰኞ ማታ ቤት ሲገባ እናቱን ከመስኮቱ ጋ አጣቸው። ሰማያዊ ቀሚሳቸውን አልጋ ላይ ዘርግተው ያዩታል። ከጠዋት ጀምሮ ስልክ ላይ ውለው ድምፃቸው ሰልሏል። ማን ከማን ጋር እንደሚተኛ ደልድለዋል፤ ጋሽ አባይነህ ስለሚያንኮራፉ ከበሩ አጠገብ እንዲሆኑ ወስነዋል። ይባስ ብሎም "እስከ ሁለተኛ ፎቅ ወርጄ ሞክሬው ተመለስኩ፤ ደህና ነው" አሉ። የሲን ደስታው አናቱ ላይ ወጣበት። ሰው ደስ ሲለው አፉ ይከፈታል።

"እንዲያውም ሰው በዝቶ አምስት ተርፎብናል!" አለ እየሳቀ።

እናቱ ቀሚሱን ማጠፍ ጀመሩ።

"ፍራሽ ይጨምራሉ እኮ፤ ጠይቄያለሁ" አለ ቶሎ ብሎ። ግን ዓረፍተ ነገሩ አልቆ ነበር። "ተርፎብናል" የሚለው ቃል ጆሯቸው ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ቁጭ ብሏል።

ረቡዕ ጠዋት ወርቅ ቤቱ ሳይከፈት አይናዲስ ደወለች። "የሲንዬ፣ ወገቤ ተነሣብኝ። የእኔ ቦታ ለሸፊቃ ይሁን።"

"እሷ ቦታ አላት እኮ እትዬ አይናዲስ።"

"እንግዲያው እግሯን ዘርግታ ትተኛበት።"

ረፋድ ላይ ጋሽ አባይነህ ደወሉ። ቅዳሜ አስቸኳይ ስብሰባ አለብኝ አሉ። ጡረታ ከወጡ አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው። "የእኔና የሰውዬው ቦታ ለዘውዲ ልጆች ይተላለፍ፤ ይህ ውሳኔ ነው።" ከምሳ በኋላ ዘውዲ ደውላ ልጆቹ ፈተና ደርሶባቸዋል አለች። ትንሹ ልጅ ገና አራት ዓመቱ ነው። "የእኛን ስምንቱን ለጋሽ አባይነህ ቤት አድርግላቸው፤ ሽማግሌ ናቸው፤ ይንፈላሰሱ።" አሥር ሰዓት ላይ ዝርዝሩ ላይ የሲን ብቻ ቀረ። ሃያ አራቱ አልጋ ከሰው ወደ ሰው ሲሰጥ ውሎ፣ ሁሉም ሰጥቶ፣ ማንም ሳይቀበል መሸ።

ማን እንደጀመረው ለማወቅ ብዙ አልለፋም። ቤት ገብቶ በሩ ላይ ሳለ ጠየቀ።

"እማ፣ ለአይናዲስ ምን አልሻት?"

"እኔ ምን እላታለሁ? ጉልበቴ አሞኛል፣ ቀርቻለሁ፣ አንቺ ሂጂ አልኳት።"

"ጉልበትሽ ደህና ነው ብለሽኝ!"

"ሰው ተርፎ እየተባለ እኔ አልጋ ላይ ልንጋለል?"

"አሁን እኮ ቤቱ ባዶ ነው! አንድም ሰው የለም!"

እትዬ ሸፊቃ ፊታቸው በራ። "እሰይ። እንግዲያ አይናዲስ በደንብ ትተኛለች።"

"እሷም ቀርታለች!"

"ለእኔ ብላ እኮ ነው" አሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። "አየህ ሰው? ታዲያ እሷ ለእኔ ብላ ቀርታ፣ እኔ በየትኛው ፊቴ ነው የምሄደው?"

የሲን የቤቱ ግድግዳ ላይ ግንባሩን አስደገፈ። ሐሙስ ኤደን በዚያ የማር ድምፅ "አምስቱም ፍራሽ ተፈቅዷል!" ብላ አበሰረችው። ሐሙስና ዓርብ በደንበኛና በደንበኛ መካከል ለሁሉም ደወለ። ቦታ አለ፣ ፍራሽ አለ፣ ማንም አልተረፈም፣ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ላይ ከድሮው ግቢያችን እንነሣለን አላቸው። መልሱ "እስቲ ይሁን"፣ "እግዜር ካለ"፣ "እንሻአላህ፣ እናያለን" ነበር። እንዲህ ዓይነት መልስ የሰጠ ሰው መጣ አይባል፤ ቀረ አይባል። ጉዞውን ልሰርዝ እንዳይል የቀረ የለም፤ ልሂድ እንዳይል የሚመጣ የለም። ዓርብ ማታ ደግሞ ሰማያዊው ቀሚስ ወደ ቁም ሣጥን ተመልሶ ነበር። "አልሐምዱሊላህ" አሉ እናቱ፣ እንዴት ዋልሽ ሲላቸው። በቃ።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ብቻውን ከቤት ወጣ። የተከራየው ኮስተር ፒያሳ ይጠብቀዋል። ሾፌሩ መርሻ ይባላል፤ ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ ባዶ ወንበሮቹን በመስታወት ያያል። የቆሙት ድሮ ዘጠኝ ቤት የነበረበት ጋ ነው። አሁን ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል፤ ረጃጅም መብራት፣ የድንጋይ አግዳሚ፣ የአበባ መደብ። ቧንቧው የነበረበት ጋ ይመስለናል የሲን የቆመው፤ እሱም እርግጠኛ አይደለም።

አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ከላይ በኩል አይናዲስ ነጠላዋን አጣፍታ ብቅ አለች። የሲን ዓይኑን ማመን አቃተው። ከታች ጋሽ አባይነህ በኮትና በከረባት፤ ከኋላቸው ያ ቀጭን ሰው። ከታክሲ አያት የገቡት ወረዱ፤ ከአውቶቡስ የጀሞዎቹ። ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ መንገዱ በጉንጭ ስሞሽ ተጨናነቀ። "ጠፋሽ!" "አንቺ ነሽ የጠፋሽው!" "ወፍረሻል!" "እርጅና ነው ባክሽ!" በመጨረሻም ዘውዲ ከነልጆቿ መጣች። ክንዷን የያዙት እትዬ ሸፊቃ ናቸው።

አራት ፎቅ ወርደው! በሁለት አውቶቡስ! የሲን ሮጦ የመኪናውን በር ከፈተ። "ግቡ! ግቡ! እቃችሁን ከኋላ እንጫን!"

የተንቀሳቀሰ የለም። የሲን ያን ጊዜ አስተዋለ፤ እቃ የያዘ ሰው የለም። ሻንጣ የለም፣ ብርድ ልብስ የለም። ሁሉም የያዘው ምግብ ነው። አይናዲስ በፌስታል ቆሎ፣ ዘውዲ በጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ፣ የጀሞዎቹ ብርቱካን፣ እናቱ በሳህን ሳምቡሳ። እትዬ ሸፊቃ የቤት ነጠላ ጫማ ነው ያደረጉት።

"እማ?"

"ልሸኛቸው ነው የመጣሁት" አሉ እናቱ። "አይናዲስ መንገድ እየሄደች ሳልሰናበታት ልቅር?"

"እኔም አንቺን ልሸኝ ነው እንጂ ሸፊቅዬ" አለች አይናዲስ፤ "እኔማ ቀርቻለሁ አላልኩም?"

"እኛ ጋሽ አባይነህን ልንሸኝ ነው" አለች ዘውዲ።

ጋሽ አባይነህ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። "እኔ በአጠቃላይ ተጓዡን ለመሸኘት ነው የተገኘሁት።"

ሃያ ስምንት ሸኚ ተሰብስቦ ተሸኚ ጠፋ።

"ጥሩ!" አለ የሲን እጁን አጨብጭቦ። የሱቅ ድምፁን አወጣ፤ የተጣላ አማት የሚያስታርቅበትን። "ሁላችሁም አላችሁ፣ መኪና አለ፣ ሃያ አራት አልጋና አምስት ፍራሽ አለ። ማንም አልተረፈም። እናንተ ብቻ ግቡ።"

"ልብስ ሳልይዝ?" አለች ዘውዲ።

"ለአንድ ሌሊት ነው ዘውዲ!"

"ይሁን፤ ግን የእኛን ቦታ ለእነ ጋሽ አባይነህ ሰጥተናል። የሰጠሁትን መልሼ ልቀማ?"

"እኔም ለአንቺ ልጆች በውሳኔ አስተላልፌአለሁ" አሉ ጋሽ አባይነህ። "ውሳኔ እንዲሁ አይሻርም። ከፈለጋችሁ እዚሁ ስብሰባ እንቀመጥና እንምረጥ። ለመግባት ፈቃደኛ የሆነ እጁን ያውጣ።"

ሃያ ስምንት ሰው እጁን ኪሱ ውስጥ፣ ነጠላው ውስጥ፣ ጀርባው ኋላ ከተተ። የዘውዲ ትንሽ ልጅ ብቻ አወጣ። እናቱ እጁን አወረደችለት።

የሲን እናቱን ጎተት አድርጎ ወደ በሩ አስጠጋቸው። ደረጃው አንድ ነው፤ ሁለት ካሉም ሁለት። ከሽንጣቸው ደገፍ አደረጋቸው። "እማ፣ አንቺ ብቻ ግቢ። አንቺ ከገባሽ ሁሉም ይገባል። ለማን ብዬ ያደረግሁት ይመስልሻል?"

እትዬ ሸፊቃ አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አሳረፉ። ዘወር ብለው አዩ። "አይናዲስን መንገድ ላይ ትቼ?"

"እሷም ትግባ! እትዬ አይናዲስ፣ ይግቡ በፈጠረዎት!"

"እኔ ጋሽ አባይነህ ቆመው?" አለች አይናዲስ።

"እኔ ሴቶች ሳይገቡ?" አሉ ጋሽ አባይነህ።

እትዬ ሸፊቃ እግራቸውን መለሱ።

ትራፊክ ፖሊስ መጣ። ሰላምታ ሰጠና "እናቶች፣ አባቶች፣ እዚህ መኪና አይቆምም፤ ወይ ይጫን ወይ ይነሣ" አለ በትሕትና። መርሻ ሞተሩን አስነሣ። "ወንድሜ፣ ምንድን ነው የምንጭነው?" አለ የሲንን።

የሲን የድንጋይ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ። "በቃ፤ ይቅር። ደውዬ ቀርተናል እላቸዋለሁ።"

ይህን ሲል ሃያ ስምንቱ ሰው በአንድ ጊዜ ደነገጠ።

"ምን አልክ?" አሉ እናቱ። "ሰዎቹ ለስንት ሰው ምሳ እየሠሩ! ዓሣው ተጠብሶ፣ አልጋው ተነጥፎ፣ ይመጣሉ ብለው በር በር ሲያዩ… ምን ይሉናል? የዘጠኝ ቤት ሰው ተጠርቶ ቀረ ይበሉን?"

"ነውር ነው" አለች አይናዲስ።

"ቢያንስ አንድ ተወካይ መሄድ አለበት" አሉ ጋሽ አባይነህ።

ዓይን ሁሉ ወደ የሲን ዞረ። የእሱን ቦታ ማንም ለማንም አልሰጠውም ነበር፤ ያስታወሰውም የለም።

"ሂድ የእኔ ልጅ" አሉ እትዬ ሸፊቃ ከአግዳሚው እያነሡት። "ሂድና ይቅርታ ጠይቅልን። ከሁሉም ድስት ትንሽ ትንሽ ቅመስላቸው፤ የሠራ ሰው ቅር እንዳይለው።"

"የሃያ ዘጠኝ ሰው ምሳ ብቻዬን?"

"ቀስ ብለህ።"

ይህ ውሳኔ ያለ ተቃውሞ አለፈ። ቆሎውን፣ ሳምቡሳውን፣ ብርቱካኑን እየተቀባበሉ በየወንበሩ አስቀመጡት። ድፎ ዳቦውን ከፊት፣ ከየሲን አጠገብ አደረጉለት። አይናዲስ በመስኮቱ ግንባሩን ሳመችው። እናቱ "በመንገድ ላይ መስኮት አትክፈት" አሉት። በሩ ተዘጋ።

ኮስተሩ ወደ ቸርችል ጎዳና ዞሮ መውረድ ሲጀምር የሲን ወደ ኋላ ተመለከተ። እስኪርቅ እጃቸውን አውለበለቡለት፤ ትራፊኩ ሳይቀር። ከዚያ ዘጠኝ ቤት በጅምላ ወደ አንድ ኬክ ቤት ዞረ። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። አንቺ ቅደሚ፣ አንተ ቅደም ይባባላሉ። አይናዲስ ሸፊቃን ትገፋለች፣ ሸፊቃ አይናዲስን ይገፋሉ፤ ጋሽ አባይነህ በሩን ይዘው ማንንም ማስገባት አልቻሉም። እናቱ እየሳቁ ነበር። አፋቸው እስከ ጥግ ተከፍቶ፣ በነጠላ ጫማ፣ ጉልበታቸው እጥፍ እስኪል። እንዲህ ሲስቁ ካያቸው ስንት ጊዜው ነው? ከዚያ ወዲያ ምን? ሻዩ ያልቃል። ገላን የሚሄደው ገላን፣ ጀሞ የሚሄደው ጀሞ። ማታ ዘውዲ ደረጃው ድረስ ታደርሳቸዋለች፤ አራት ፎቅ ወጥተው መስኮቱ ጋ ይቀመጣሉ። እሱ እንኳ አይኖርም።

"መርሻ፣ አቁምልኝ" አለ የሲን ድንገት። "ልውረድ። እነሱ ጋ ልመለስ።"

"እዚህ?" መርሻ በመስታወቱ አየው። "በየት በኩል ብዬ? ካሜራ ነው ሁሉ ቦታ። እስከ ታች መቆሚያ የለም ወንድሜ።"

መኪናው ቁልቁለቱን ወረደ። በየመታጠፊያው ድፎ ዳቦው ወደ የሲን ይጋደም ነበር፤ ሙቀቱ ገና አልለቀቀውም። ሁለት ጊዜ አቀናው። በሦስተኛው እንዳይወድቅ ጭኑ ላይ አድርጎ አቀፈው።